ጥቆማ፦ ሌላው እየሠራ አንድ ድረ ገጽ ብቻ አልከፍት ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ሰሞኑን «ፌስቡኩም ዩቲዩቡም ይሠራል፣ ይሄ ድረ ገጽ ብቻ አይከፍትልኝም፣ ደሴ ላይ ጎበዝ ጠጋኝ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ በዝቷል። የት እንደሚኬድ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እባካችሁ ስልካችሁን ፎርማት አታስደርጉ። አንድ ድረ ገጽ ብቻ ሲያስቸግር መድኃኒቱ ፎርማት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የልጅ ፎቶና ያልተገለበጠ ቁጥር ግን ከጠፋ አይመለስም።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ቀይሩ። ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ አጥፉትና በዳታ ሞክሩ። በኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ የሳፋሪኮም ሲም ያለው ሰው ሆትስፖት ይክፈትላችሁ፣ ሳፋሪኮም የያዛችሁም እንዲሁ በሌላው። እዚህ ላይ የትኛው ይፈጥናል የሚለው ክርክር አያስፈልገንም። በአንዱ ከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ ስልካችሁ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ደውላችሁ የድረ ገጹን ስም ንገሯቸው። በሁለቱም፣ በጎረቤት ስልክም ጭምር እምቢ ካለ ድረ ገጹ ራሱ ወድቋል ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅ ዕለት የምናየው ይሄንኑ ነው፤ ሁሉም ባንዴ ይገባና ሰርቨሩ ይጨናነቃል። እንዲህ ሲሆን ገንዘብ አታውጡ፣ ሌሊት ወይም ማለዳ ሞክሩ። ኮምቦልቻ ፋብሪካና ቢሮ የምትሠሩ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ሆን ተብሎ አንዳንድ ድረ ገጽ ተዘግቶበት ሊሆን ስለሚችል በራሳችሁ ዳታ ሳታዩ አትደምድሙ።

ኔትወርክ ቀይራችሁም ከቀጠለ ቀኑን እዩ። ይሄን በደንብ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ከሌላው ዓለም በባሰ ሁኔታ የሚያሳስተን እሱ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት አላቸው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው፤ ብራውዘሩ ደግሞ ገደቡን የሚያመሳክረው ከስልካችሁ ቀን ጋር ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ስልኩን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶታልና አብዛኛው ድረ ገጽ ይዘጋበታል፤ ይሄስ ቶሎ ይታወቃል። አስቸጋሪው ዓመቱን በፈረንጅ አስተካክሎ ወሩን በእኛ የሚሞላው ነው። ጥር ለእኛ አምስተኛ ወር ስለሆነ 5 ሲያስገባ ስልኩ ሜይ ላይ ይቆማል፣ አራት ወር ገደማ ወደፊት። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠውን የ90 ቀን ሰርተፍኬት የሚጠቀሙ ድረ ገጾች ሁሉ ያኔ ጊዜያቸው ያለፈ ይመስለዋል። ረዘም ያለ ገደብ ያላቸው ግን እንደተለመደው ይከፍታሉ። «አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ» የሚለው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ስክሪኑ ላይ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ «ዴት ኢንቫሊድ» የሚሉ ቃላት ካሉ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ ሴቲንግ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። ጠዋት ሦስት ሰዓትን 3:00 ብላችሁ የሞላችሁም አስተካክሉት። በዚህ ስህተት ድረ ገጽ እምብዛም አይዘጋም፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር የመግቢያ ኮድ የሚያወጡ አፖች ግን ኮዳቸው አይገጥምም።

ኮምፒውተር ላይ ከሆነና መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሳንቲም ታክላለች። ሰዓት ጠጋኞችና ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ይህችን ትንሽ ባትሪ ለውጦ መፍታት ሲቻል ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖላቸው ከሳምንት በኋላ ያው ችግር የተመለሰባቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አሁን ወደ ብራውዘሮቹ። ኦፔራ ሚኒን ለዜናና ለንባብ እመክራለሁ፣ ዳታ በእውነት ይቆጥባል። የሚቆጥበው ግን ገጹን በኦፔራ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚያመጣው ነው። ስለዚህ ፎርም የሚሞላበት፣ ፋይል የሚያያዝበት፣ ኮድ የሚገባበት ድረ ገጽ ላይ ቁልፉን ብትጫኑም ዝም ሊል ይችላል። ለፓስፖርት ማመልከቻ፣ ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ ለባንክ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ተጠቀሙ። ክሮም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፣ ግን ከፕሌይ ስቶር አድሱት። ከጓደኛ በዘንደር የተቀበላችሁት ክሮም ስንት ዓመት የቆየ እንደሆነ አታውቁም። አንድሮይዱ ከ7.1.1 በታች የሆነ የቆየ ስልክ ላላችሁ ደግሞ ፋየርፎክስ ይሻላል፤ ስልኩ ራሱ የሌትስ ኢንክሪፕትን አዲሱን ሥር ሰርተፍኬት (የሌሎቹ ሰርተፍኬቶቹ መነሻ የሆነውን) አያውቀውም፣ ፋየርፎክስ ግን የሚያምናቸውን ዝርዝር ራሱ ይዞ ይዞራል። ስልካችሁ የሚቀበለውን የመጨረሻውን የፋየርፎክስ ዓይነት ጫኑ።

ብራውዘር ከመቀየራችሁ በፊት ያንኑ ገጽ በኢንኮግኒቶ (የቆየውን መረጃ በማይጠቀመው የብራውዘሩ የግል መስኮት) ክፈቱት። በኢንኮግኒቶ ከከፈተ የቆየ ኩኪ (ድረ ገጹ ብራውዘራችሁ ላይ ያስቀመጠው ትንሽ መረጃ) ሳይሆን አይቀርም ያስቸገራችሁ። ሁሉንም አታጥፉ፣ የሌላው ድረ ገጽ መግቢያችሁ ሁሉ ይጠፋል። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሳይት ሴቲንግስ ግቡና የዚያን ድረ ገጽ ዳታ ብቻ ደምስሱ። ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያ የሚከለክል ኤክስቴንሽን ካላችሁ እሱንም ለጊዜው አጥፉት።

ሌላው ቪፒኤን ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረ ጊዜ ያወረድነው ቪፒኤን እስካሁን በብዙ ሰው ስልክ አለ፣ አንዳንዱ ራሱ ይበራል። ቪፒኤኑ ሲበራ ውጭ አገር ያላችሁ ይመስላል፣ ከውጭ የሚመጣን የማይቀበል ድረ ገጽ ደግሞ ይዘጋባችኋል። ከላይ የቁልፍ ምልክት ካያችሁ አጥፉት። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውንም እዩ፤ ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ነው፤ ማስታወቂያ እንዲያግድ የተሞላ አድራሻ ካለ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። «የድረ ገጹ አድራሻ ሊገኝ አልቻለም» የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ በዋይፋዩ ላይ ዲኤንኤሱን 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 አድርጋችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያው የክላውድፍሌር፣ ሁለተኛው የጉግል ነው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። አድራሻውን በትክክል መጻፋችሁንም አረጋግጡ፣ ከቴሌግራም በተላከ ሊንክ አትግቡ።

ይሄ ሁሉ አልሆን ካለ ወዴት? ለፎርም ሥራ ኢንተርኔት ቤት ከሞባይል ቤት ይሻላል። ግን ፒያሳም ግቡ ሰኞ ገበያ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ማሽኑ ምን ዊንዶውስ እንደሆነ ጠይቁ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ክሮሙ ከ109 በላይ አይታደስም፣ እሱም የ2023 መጀመሪያ ነው፤ አዳዲስ ድረ ገጾች ይሰባበሩበታል። ዊንዶውስ 10 ያለው ማሽን ጠብቁ፣ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ ውጡ። ሞባይል ጠጋኝ ጋ የምትሄዱት ስክሪን ወይም ቻርጅ ሲበላሽ ይሁን። ለዚህ ጉዳይ ከሄዳችሁ ቴሌብርም የባንክ አፕም ያለበትን ስልክ ከፍታችሁ ትታችሁ አትውጡ፣ አጠገቡ ቁሙ። ኮምፒውተር ለማሠራት ከሆነ የእኔ ምርጫ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ናቸው፣ ኮምቦልቻም ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለላችሁ። ስህተቱን አንብቦ ምክንያቱን የሚያስረዳችሁን ምረጡ፤ ሳያየው «ፎርማት ነው» ያላችሁን ግን አመስግናችሁ ውጡ።

እዚሁ ለምትጠይቁ፦ የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ ሲሙን፣ ብራውዘሩን፣ የወጣውን የስህተት ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ፎቶው ላይ የስልክ ቁጥራችሁ ወይም የመግቢያ ኮድ ካለ ሸፍኑት። ማታ ማታ እመልሳለሁ።