ዘይቤውን አገኘሁት፣ ከዚያስ ምን ልጻፍ?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ልቦለድ እያነበብኩ ነው። ዘይቤዎቹን መለየት አይከብደኝም። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት... ያገኘሁትን ሁሉ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ትንታኔ ጻፊ ስባል ግን እጄ ይታሰራል። «እዚህ ጋ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለ» ካልኩ በኋላ ምን ልጨምር? «ጽሑፉን ውብ ያደርገዋል» የሚለው ለራሴም አይዋጥልኝም። ደግሞ ዕቃው ሁሉ ተምሳሌት እየመሰለኝ ተቸገርኩ። በር ሲከፈት ተስፋ ነው? መስኮት ሲዘጋ ሞት ነው? በምሳሌ የሚያስረዳኝ ካለ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማለዳ አንባቢ፦
እህቴ፣ ከዘይቤው በፊት ተራኪውን ያዢ። ይህን ዓለም የምናየው በማን ዓይን ነው? እሱ ሳይታወቅ ዘይቤ መቁጠር ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ልፍጠርልሽ፦ «ዝናቡ እንደ አበዳሪ በሩን ይደበድባል።» ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፣ አበቃ። አሁን ግን ጠይቂ። ዝናብ አበዳሪ የሚመስለው ለማን ነው? ዕዳ ላለበት ሰው ነው። ደራሲው ስለ ዕዳ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ አንቺ ግን አወቅሽ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ሰላም እንደሌለው ገባሽ። ያው ዝናብ ለሕፃን ቢሆን «ና ውጣ እንጫወት እንደሚል ጓደኛ ያንኳኳል» ሊባል ይችላል። ዝናቡ አንድ ነው፤ የተለየው የሚሰማው ጆሮ ነው። እንግዲህ ትንታኔሽ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ የተመረጠው ማነጻጸሪያ ስለመረጠው ሰው ምን ይነግረናል?

ተራኪው ሁሉን አወቅ ከሆነ፣ ማለትም ከታሪኩ ውጭ ሆኖ የሁሉንም ልብ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጥያቄው ትንሽ ይቀየራል። ያኔ ማነጻጸሪያው የሚያሳየው ተራኪው ለገጸ ባሕርዩ ያለውን ስሜት ነው። ያዝንለታል? ይንቀዋል? ይፈራዋል?

ምጸትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአንደኛ መደብ የሚተርክ ሰው «ለገንዘብ ግድ የለኝም» እያለ በየገጹ ሳንቲም የሚቆጥር ከሆነ፣ ምጸቱ ያለው በሚለውና በሚያደርገው መካከል ነው። ያንን ክፍተት ያገኘሽበትን ቦታ ጥቀሺ፤ ከዚያ ደራሲው ለምን ሰውየውን በገዛ አፉ እንዳጋለጠው ጻፊ። የዘይቤ ዓይነቶችን ትርጉም መሸምደድ ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ልቦለድ ለማንበብ ግን እንቅፋት ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዳር ያዥ፦
ስለ ተምሳሌቱ ልጨምር። በር ብዙውን ጊዜ በር ነው! እኔ የማየው ዕቃው ተመልሶ መምጣቱን ነው። የቆመ የግድግዳ ሰዓት አንዴ ተጠቅሶ ከቀረ የቤት ዕቃ ነው። ባልየው ሲሄድ ከተጠቀሰ፣ ልጅቷ ስትታመም እንደገና ከመጣ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አውርዶ ካስጠገነው ግን ነገር አለው። ያኔም ቢሆን «ሰዓቱ ጊዜን ይወክላል» ብለሽ አትዝጊው። በየመምጣቱ ምን እንደተለወጠ ተከተዪ።

ሁለቴ አንባቢ፦
ንግር፣ ማለትም ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ የሚገባው በሁለተኛ ንባብ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰጂ፣ የሐዲስ ዓለማየሁን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ይነግረናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል በልጅነቱ የተሳለለት ስለትም፣ ገና የሚያፈቅራትን ሰብለ ወንጌልን ሳያያት መንገዱን ይዘጋበታል። መጀመሪያ ስናነብ እንደዋዛ እናልፈዋለን። ስንደግመው ግን ያስጨንቃል፤ የሚመጣውን እያወቅን እነሱ ሳያውቁት ሲጓዙ እናያለንና። ምልሰት፣ ማለትም ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሲተርክ፣ ካጋጠመሽ ደግሞ «ያለፈው ታሪክ ለምን አሁን፣ እዚህ ገጽ ላይ መጣ?» በዪ።

ተማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የማለዳ አንባቢ ያሉትን ይዤ ተመለስኩበት። የኔ ተራኪ ሰዎችን ሁሉ ከእንስሳ ጋር ነው የሚያነጻጽረው። አለቃው ጅብ፣ ጎረቤቱ ቁራ፣ ወንድሙ በግ። እናቱን ብቻ ከምንም ጋር አላነጻጸራትም። ይሄ ራሱ ነገር ይሆናል እንዴ?

የማለዳ አንባቢ፦
ይሆናል እንጂ! ትንታኔሽን ከእሱ ጀምሪ። ግን መጀመሪያ እናትየው ያለችባቸውን ገጾች በሙሉ መልሰሽ እይ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከእንስሳ ጋር አነጻጽሯት ከሆነ፣ ያ ገጽ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብሻል።