«ግሮውዝ ፋክተር» ምክንያት ነው? «ሶሉብል»ስ ሟሚ?

ፊደል ቆጣሪ፦ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም (የራስ ፀረ እንግዳ አካል ደም የሚያረጋበትና ፅንስ የሚያጨናግፍበት ሕመም) ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች በተዘጋጀ የትርጉም ረቂቅ ላይ «ግሮውዝ ፋክተር» «የእድገት ምክንያት»፣ «ሶሉብል ሪሴፕተር» ደግሞ «ሟሚ ተቀባይ» ተብሏል። ያስኬዳል?

ቤተ ሙከራ፦ ሁለቱም አያስኬዱም። «ምክንያት» ለምን ለሚል ጥያቄ መልስ ነው፤ ይህ ግን ሴል እንዲራባ፣ የደም ሥር እንዲያቆጠቁጥ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው። «እድገት አነቃቂ» ይሻላል። ፒ ኤል ጂ ኤፍ እንግዲህ «የእንግዴ ልጅ እድገት አነቃቂ» ይሆናል። «የእንግዴ ልጅ» የሚለው ከወደቀ አንባቢ የፅንሱ ክብደት የተለካ ይመስለዋል።

«ሟሚ» ሲባል ደግሞ ሻይ ውስጥ የገባ ስኳር ነው የሚታየን። ፍልት-1 የተባለው ተቀባይ በሴል ሽፋን ላይ ተተክሎ አነቃቂውን ይይዝና መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። «ኤስ» የተጨመረበት ኤስ-ፍልት-1 ግን ሽፋኑ ላይ የሚሰካበት ክፍል የለውም። በደም ውስጥ እየዞረ ፒ ኤል ጂ ኤፍንና ቪ ኢ ጂ ኤፍን (የደም ሥር እድገት አነቃቂን) ይለቅማል፤ የሚያደርሰው መልእክት ግን የለም። ደብዳቤውን ተቀብሎ ኪሱ የከተተ ፖስተኛ በሉት። ስለዚህ «ጠላፊ ተቀባይ» ብል አላፍርም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ስለ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ስለሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ምርመራ ውጤት «38 እና ከዚያ በታች ከሆነ በሽታውን ያስወግዳል» የሚለውስ?

አዋላጅ፦ አደገኛ ትርጉም ነው! ምርመራው ያከመ አስመሰለው። ኤስ-ፍልት-1 ለፒ ኤል ጂ ኤፍ ሲካፈል 38 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ የመከሰቱ ዕድል እጅግ ዝቅተኛ ነው ማለት ብቻ ነው። «ለጊዜው አይመጣም ለማለት ያስችላል» ይባል። ከ34ኛው ሳምንት በፊት ከ85፣ ከዚያ በኋላ ከ110 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁጥሮቹ የሮሽ መሣሪያ ናቸው፤ በሌላ አምራች መሣሪያ ውጤት ላይ መለጠፍ ስህተት ነው። የእርግዝናው ሳምንትም ከውጤቱ ጎን ይጻፍ፤ ጤናማ እርግዝና ላይ እንኳ ፒ ኤል ጂ ኤፍ እስከ 30ኛው ሳምንት ገደማ ወጥቶ ይወርዳልና።

ቤተ ሙከራ፦ እነዚህ ሴቶች ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይወጋሉ። ሄፓሪን ደግሞ ኤስ-ፍልት-1ን ከተጣበቀበት ሄፓራን ሰልፌት (በሴሎች ገጽ ላይ ካለ የስኳር ሰንሰለት) አላቆ ወደ ደም ሊለቀው ይችላል። መርፌው የተወጋበትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ካልተመዘገበ ከፍ ያለ ውጤት የእንግዴ ልጁ ችግር ይሁን የመድኃኒቱ መለየት ያስቸግራል።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ሉፐስ አንቲኮአጉላንት»ን «የሉፐስ ፀረ መርጋት» ብለውታል።

ቤተ ሙከራ፦ ይህ ከሲንድሮሙ ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ነው፤ ስሙ ራሱ ውሸታም ነው። በብልቃጥ ውስጥ የደሙን መርጋት ያዘገያል፣ በሰውነት ውስጥ ደሙን ያረጋል። ብዙዎቹ ተሸካሚዎችም ሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ) የለባቸውም። እንዳለ በድምፁ ይጻፍና አንድ መስመር ማብራሪያ ይከተለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ፅንስ ደጋግሞ ሲጨነግፍ አገሬው ሾተላይ ይላልና፣ ሲንድሮሙን ለምን «ሾተላይ» አንለውም?

አዋላጅ፦ ሾተላይ ዛሬ በሐኪም ቤት ለአር ኤች አለመጣጣም (ለእናትና ለፅንስ የደም ዓይነት ልዩነት) ተይዟል። በዚያኛው የእናትየው ፀረ እንግዳ አካል የፅንሱን ቀይ የደም ሴል ያጠቃል፤ መከላከያውም የአንቲ-ዲ መርፌ ነው። በአንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ግን ጥቃቱ እንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪንና ሄፓሪን ነው። አንቲ-ዲ እዚህ ምንም አይፈይድም። ደግሞም ይህኛው በአንድ ምርመራ አይበየንም፤ ኢንፌክሽንም ለጊዜው ፀረ እንግዳ አካሉን ስለሚያወጣ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል። (ፀረ «እንግዳ» የተባለው «እንግዴ» ልጁን ማጥቃቱ የድምፅ ግጥጥሞሽ ነው፤ ግን አይረሳም።)