«ሂሳቡ ተዘግቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

መርካቶ፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። የባሪያ ንግድና የቅኝ ግዛት ካሳ ተነስቶ አንዱ እንግዳ ምን አለ መሰላችሁ? «ሂሳቡ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ድህነታችንን በነጭ ማሳበብ እናቁም። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ምነው ታዲያ አልበለጸግን?» ሾፌሩ «እውነቱን ነው!» ብሎ ድምፁን ጨመረው። ከንዴቴ ብዛት ወራጅ ሳልል ሜክሲኮን አልፌ ሳር ቤት ደረስኩ። ተዘጋ? ማን ዘጋው? መቼ?

ነጻ ሐሳብ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ሞቡቱ 32 ዓመት ሙሉ ኮንጎን ሲግጥ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ነው እጁን የያዘለት? ኮሪያ 35 ዓመት በጃፓን ተረግጣ ዛሬ መኪናዋን እንነዳለን። እኛ ደግሞ ዓድዋ ላይ አሸንፈን ስንዴ እንለምናለን። እውነት ስትነገር ለምን ታሳክካለች?

የሂሳብ ሹም፦ ይቺን ቃል ለእኔ ተዉልኝ፤ 34 ዓመት ሂሳብ ስዘጋ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሂሳብ በሁለት መንገድ ይዘጋል። ባለዕዳው ከፍሎ ይጨርሳል፣ ወይም ባለገንዘቡ ተስፋ ቆርጦ ይሰርዘዋል። ሰውየው የትኛውን ማለቱ ነው? ምክንያቱም የባርነትን ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሎ የዘጋ አገር አለ። ሄይቲ ትባላለች፤ ድሮ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት። ችግሩ የከፈሉት ባሪያ የነበሩት መሆናቸው ነው፤ የተከፈላቸው ደግሞ ጌቶቹ።

በ1791 (በፈረንጆቹ) አመጹ፣ የናፖሊዮንን ጦር አሸነፉ፣ በ1804 ነጻነታቸውን አወጁ። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ 14 የጦር መርከብ ልኮ «ነጻ ናችሁ እንድል 150 ሚሊዮን ፍራንክ አምጡ» አለ። ለምን? ንብረት ላጡት ባለ እርሻዎች ካሳ። ንብረት ሲሉ መሬቱን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከፋዮቹ ራሳቸው ዋጋው ውስጥ አሉበት። በአምስት ክፍያ፣ በየጊዜው 30 ሚሊዮን። የመጀመሪያዋ 30 ሚሊዮን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ እዚያው ፓሪስ ተበደሩ። አበዳሪዎቹ 6 ሚሊዮኑን ገና ከመነሻው ቆርጠው 24 ሰጧቸው። 24 ተቀብለህ 30 ትመልሳለህ፣ ወለዱ ሳይቆጠር። በ1838 ጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። ብድር በብድር እየተተካ የመጨረሻው ዕዳ ያለቀው በ1947 ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ የሚሄደው ኒውዮርክ ነበር። እንግዲህ ይኸው ተዘግቷል። እንደ ሂሳብ ሹም ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

መርካቶ፦ ጋሼ ይኑሩልኝ!! የእኛ ሰፈር አራጣ አበዳሪ እንኳ ሲቆርጥ ትንሽ ያፍራል።

ቀለሜ፦ እንግሊዝም ዘግታለች እኮ። በ1833 ባርነትን በሕግ ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ የዓመት ገቢ 40 በመቶ ገደማ ነው። ለማን? ለባሪያ አሳዳሪዎች። ነጻ ወጡ የተባሉት ደግሞ «የሙያ ልምምድ» በሚል ስም እስከ 1838 ድረስ እዚያው እርሻ ላይ ያለ ደመወዝ ሠሩ። ለካሳው የገባው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ሃያ አስራ አምስት! እህቴ ለንደን ነርስ ከሆነች 20 ዓመት አልፏታል። በየወሩ ከደመወዟ ከሚቆረጠው ግብር ላይ ለባሪያ ጌቶች ካሳ ስታዋጣ ነበር ማለት ነው፤ አጠገቧ የምትሠራው ጃማይካዊትም እንዲሁ። ስነግራት «ተወኝ፣ ማታ ተረኛ ነኝ» ብላ ዘጋችው።

ነጻ ሐሳብ፦ ታሪኩ ያሳዝናል፣ አልካድኩም። ግን ከ1947 ወዲህስ? ሄይቲን የገዙት ዱቫልየር አባትና ልጅ ከ1957 እስከ 1986 የዘረፉትንም ሻርል 10ኛ ላይ ልንጽፍ ነው? ዶሚኒካን ሪፐብሊክ እዚያው ደሴት ላይ ናት። ያው ዝናብ፣ ያው አፈር። አሁን ሁለቱን አወዳድሩ። አራጣ ተበድሮ የከሰረ ነጋዴ ልጁም የልጅ ልጁም አራጣ አበዳሪውን ሲረግም መኖር አለበት?

የሂሳብ ሹም፦ «ተበድሮ የከሰረ» አልክ ልጄ? ሰውየው መቼ ተበደረ? 14 መርከብ ደጁ ላይ ቆሞ «የሰረቅኸኝን ራስህን ክፈለኝ» ተባለ እንጂ። ዶሚኒካን ደግሞ ይህን ካሳ ለፈረንሳይ ስትከፍል አልኖረችም፤ አንዱ ልዩነት እሱ አይደል? ዱቫልየር ሌባ ነው፣ አልከራከርህም። ግን ልጅየው በ1986 ሲባረር የት ሄደ? ፈረንሳይ።

ነጻ ሐሳብ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «አንዱ ልዩነት» ብለው ሌላውን ሁሉ ሸፈኑት። የመንግሥት ግልበጣውስ? መሬቱ መራቆቱስ?

መርካቶ፦ ግልበጣ ካልክማ፣ በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ ወታደሮች ከሄይቲ ባንክ የ500 ሺህ ዶላር ወርቅ በጠራራ ፀሐይ በመርከብ ጭነው ኒውዮርክ አስገቡት። በዓመቱ አገሪቱን ራሷን ያዙና እስከ 1934 ተቀመጡ። የሄይቲው ፕሬዚዳንት አሪስቲድ በ2003 ፈረንሳይን «21 ቢሊዮን ዶላር ከምናምን መልሱልን» አለ፤ በ2004 ከሥልጣን ወረደ። እኔ አንዱ ሌላውን አመጣ አላልኩም። ቀኑን ብቻ ቁጠርልኝ።

ቀለሜ፦ በ2025 የሻርል ትእዛዝ 200ኛ ዓመቱን ሲደፍን የፈረንሳዩ ማክሮን ምን እንዳሉ ታስታውሳላችሁ? የሁለቱ አገር ታሪክ አዋቂዎች የሚያጠኑት ኮሚሽን።

የሂሳብ ሹም፦ ኮሚሽን! ፓሪስ ሳይሆን አራት ኪሎ ያለሁ መሰለኝ።

ፖቶማክ፦ እዚህ ዲሲ በየዓመቱ ኤፕሪል 16 የከተማ በዓል ነው። እኛ ታክሲ የምንነዳው የምናውቀው ፓርኪንጉ ነጻ መሆኑን ብቻ ነው፤ ደስ ይለናል፣ አቁመን ቡና እንጠጣለን። አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሳፍሬ «ምንድነው በዓሉ?» አልኳት። በ1862 ሊንከን የዲሲን ባሪያዎች ነጻ ያወጣበት ቀን ነው አለችኝ። ከዚያ ሳቀችና «ካሳም ተከፍሏል፤ ታውቃለህ?» አለች። ለአሳዳሪው በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር። ነጻ ለወጣው ደግሞ አገር ለቆ ለመሄድ ከተስማማ እስከ 100 ዶላር። የት እንደሚላኩ ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ ሄይቲ፣ ላይቤሪያ ወይም ፕሬዚዳንቱ የሚመርጠው ሌላ አገር። ያቺው ሄይቲ! ቤቷ ደርሰን ሂሳብ ስትከፍል ቲፕ ጨመረችልኝ፤ አፈርኩ ስላችሁ።

ነጻ ሐሳብ፦ ሁላችሁም ኮሪያን ዘለላችኋት። ለምን?

ቀለሜ፦ አልዘለልናትም፣ ራስህ እንድታመጣት ነው የጠበቅነው። በ1965 ጃፓን ለኮሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር ስጦታና 200 ሚሊዮን ብድር ሰጠች። ከዚያ ገንዘብ ላይ ነው ለፖሃንግ ብረት ፋብሪካ የተቆረጠው። ኮሪያ ተከፈላት! ምሳሌህ ለእኛ መሰከረ እኮ።

ነጻ ሐሳብ፦ ብረት ፋብሪካ ሠሩበት። እኛ ብንሆን አዳራሽ ሠርተን እንመርቅበት ነበር። ነጥቤ እሱ ነው።

የሂሳብ ሹም፦ እኛም ተከፍሎናል። በ1947ቱ (በፈረንጆቹ) የፓሪስ ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት። ቆቃ ግድብ በጣሊያን ካሳ የተሠራ ነው፤ አዳራሽ አይደለም፣ ዛሬም ውሃው አለ። የአክሱም ሐውልትም በዚያው ውል በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ተብሎ ነበር፤ የመጣው በ2005 ነው። ስለዚህ «ቅኝ አልተገዛንም» የምትለዋን ሬዲዮ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ቀስ ይበልባት። አምስቱን ዓመት፣ የካቲት 12ን፣ መርዝ ጋዙን ምን ሊላቸው ነው? ጉብኝት?

ዳሞታ፦ እስካሁን ዝም ያልኩት ማንም እንደማያነሳው ስላወቅኩ ነው። «ቅኝ አልተገዛንም» ስትሉ «እኛ» ማን ነው? ወላይታን ጠይቁ። በ1887 ዓ.ም. የወላይታውን ንጉሥ ጦናን የወጋው የምኒልክ ጦር ስንት ሰው ነድቶ ወሰደ? መሬቱ ለማን ተሰጠ፣ ገባር የሆነውስ ማን ነው? ቆቃ ሐይቅ የዋጠው ማሳ የማን ነበር? ለሄይቲ ስታለቅሱ ደስ ይላል፤ ሩቅ ናታ።

መርካቶ፦ መጣ! አገር ማቅናትን ከባሪያ መርከብ ጋር አንድ አደረከው? አያቶቻችን እኮ አብረው ዓድዋ ዘምተዋል።

ዳሞታ፦ «ማቅናት»። ምን ጎብጦ ነበር?

መርካቶ፦ ቃል አትምዘዝ ባክህ። የዚያን ጊዜ አነጋገር ነው።

ዳሞታ፦ «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምሮ የምትመዝዘው ማን ነው? ፈረንጅ «ድሮ ነው፣ ተረሳ» ሲል ታክሲ ያስረሳሃል፤ እኔ ስጠይቅህ «የዚያን ጊዜ አነጋገር ነው»። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ለፓሪስ ብቻ ነው የምትተርተው?

ፖቶማክ፦ ወንድሞቼ፣ ርዕሱ ይቅር፤ አሁን ዘር ውስጥ ልትገቡ ነው።

ነጻ ሐሳብ፦ አይቅርም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ «ወደ ራሳችን እንይ» ስል ሰደባችሁኝ። ዳሞታ የኔን ነው የሚለው።

ዳሞታ፦ አይደለም። አንተ «ዕዳ የለም» ትላለህ። እኔ ዕዳው ሁለት ቦታ ተጽፏል ነው የምለው። በኔ ጫንቃ ፈረንሳይን ነጻ አታውጣ።

እታለማሁ፦ ሌላ ነገር ልበል። አያቴ ቤት አንዲት ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆቹ «እማማ» እንላታለን። ሊጡን አቡክታ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ሁላችን በልተን ስንጨርስ ማዕድ ቤት ጉልቻው አጠገብ ትበላለች። መደቧም እዚያው ነበር። ዘመድ ትሆናለች ብዬ ነው ያደግኩት። ስትሞት የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ «የአባት ስም?» አለ። ቤቱ ጸጥ። ከደቡብ ገና ልጅ ሆና እንደመጣች እንጂ ማን እንደወለዳት የሚያውቅ የለም። ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እሷ ግን የምትሄድበት አልነበራትም፣ እዚያው ቀረች። በመጨረሻ አጎቴ የአያቴን ባል ስም አስጻፈላት። የጌታዋን ስም ማለት ነው። እኔ ዛሬ የምኖርበት ቤት የዚያ ግቢ ድርሻ ነው። ስለ ሄይቲ ሳነብ ልቤ ይደማል፤ ከዚያ ቀና ስል ማዕድ ቤቱ ፊት ለፊቴ ነው።

መርካቶ፦ እህቴ፣ በቤተሰብ ያለን ነገር ከመንግሥት ጋር አናገናኘው። ያደገችው እንደ ልጅ ነው፣ ራስሽ ነው ያልሽው።

እታለማሁ፦ የት ነው «እንደ ልጅ» ያልኩት? ጉልቻ አጠገብ ነው ያልኩት።

ቀለሜ፦ እኔ ግን እፈራለሁ። ይህን ጽሑፍ ነገ አንዱ ፈረንጅ ተርጉሞ «አያችሁ፣ አፍሪካውያንም ባሪያ ነበራቸው» ይላል፤ ካሳም ቀረ።

ዳሞታ፦ ስለዚህ ለፈረንጅ ስንል ዝም እንበል? የሄይቲ ጌቶች ወራሾችም እኮ «ቤተሰብ ነበሩ» ይላሉ።

የሂሳብ ሹም፦ ቀለሜ፣ የአንዱ ደንበኛ ዕዳ በሌላው ዕዳ አይሰረዝም። ሁለት መዝገብ ነው። እታለማሁ የኔ ልጅ፣ የሴትየዋ መቃብር የት ነው?

እታለማሁ፦ አለ። ስም የለበትም።

ሊቀ ሆሄ፦ በነገራችን ላይ «ሒሳብ» በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። ከጠዋት ጀምሮ በሃሌታው «ሂሳብ» ስትሉ ዓይኔን ወጋኝ።

የሂሳብ ሹም፦ እኔ 34 ዓመት በሃሌታው ጽፌ ደመወዝ ተቀብያለሁ። አንድም ኦዲተር አልመለሰብኝ።

ሊቀ ሆሄ፦ ኦዲተሩስ ፊደል ያውቃል?

ነጻ ሐሳብ፦ ኮሪያ ግን አልተመለሰችም። 500 ሚሊዮን ዶላር ብቻውን ሳምሰንግ አይወልድም፤ ለመሬት ይዞታ፣ ለትምህርት ማን

ነጻ ሐሳብ፦ ይቅርታ፣ መብራት ሄደ። በስልክ ነው፤ ባትሪዬ 9 ነው። ስለ መሬቱ ጠዋት እመለሳለሁ።

መርካቶ፦ ቆቃ ሰምቶሃል 😂