ግማሹ ባህር ዛፍ፣ ግማሹ ጤፍ የሆነ ፕሎት ምን ተብሎ ይሞላ?

ሰላም ወገን። ጎጃም ውስጥ የደን ቆጠራ ላይ ነን። ፕሎታችን፣ ማለትም ለናሙና ተለክቶ የምንቆጥረው ቦታ፣ 20 በ250 ሜትር ነው። መነሻው የገበሬ ባህር ዛፍ፣ መሃሉ ጤፍ፣ ጫፉ የቤተክርስቲያን ጥድና ወይራ ውስጥ ይገባል። ባህር ዛፉ በቅርቡ ተቆርጦ ጉቶው ገና እያቆጠቆጠ ነው። ደን ይባላል? ባለቤቱስ ማን ነው፣ መሬት የመንግስት አይደል እንዴ?

ጉቶ ቆጣሪ፦ በአንድ ስም አትጠቅልሉት። አጠቃቀሙ የተቀየረበትን ሜትር ጻፉና ለየብቻ ክፍል አድርጉት። የአገራችን ትርጉም ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ሽፋን ይላል፣ ግን ወደዚያ ማደግ የሚችለውንም ያካትታል፤ ስለዚህ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ያለው ባህር ዛፍ ስፋቱ ግማሽ ሄክታር ከሞላ ደን ነው። ስፋቱን ታዲያ ከፕሎቱ ውጭ ያለውንም ጨምራችሁ እዩ፣ ፕሎቱ ራሱ እኮ ጠቅላላው ግማሽ ሄክታር ነው!

ወይራ፦ መሬቱ የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ዛፉ ግን ሌላ ጉዳይ። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማህበረሰብ፣ የማህበርና የመንግስት ደን ብሎ ይለያል። ገበሬው የይዞታ ደብተር ካለው ባህር ዛፉን የግል በሉት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የቤተክርስቲያኑስ?

ወይራ፦ ፎርሙ ለቤተክርስቲያን ደን ቦታ ከሌለው ዝም ብላችሁ መንግስት ላይ ምልክት አታድርጉ፣ በኋላ ማንም አያስተካክለውም። ማን እንደሚጠብቀውና ማን እንደሚቆርጥ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ። የቀበሌውን ሰውና ቄሱን ደግሞ ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ከጠየቃችኋቸው አንዱ ሌላውን አክብሮ ዝም ይላል።