የእናቴ መድኃኒት ሳያልቅ ይቁም?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከ4 ቀን በፊት የሳንባ ምች ነው ተብላ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ያለው፣ ባለ 625 ሚሊ ግራሙ ታዘዘላት። በየ8 ሰዓቱ አንድ፣ ለ7 ቀን። 21 ፍሬ መሆኑ ነው።

ትኩሳቱ ለቋታል። ሳሉም ቀለል ብሏል፣ ሌሊት ተኝታ ታድራለች። ግን ከትናንት ጀምሮ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛት። ዛሬ ብቻ 6 ጊዜ ወጥታለች። ደም የለውም፣ ቁርጠት ግን አለው። መድኃኒቱን ምግብ ላይ እንድትውጠው አደረግኩ። ኦአርኤስ በጥብጬ በቡና ስኒ ትንሽ ትንሽ እያጎነጨኋት ነው። እስካሁን አልቀነሰላትም። የስኳርም የግፊትም መድኃኒት አትወስድም።

ፋርማሲ ስጠይቅ «ጀምሮ ማቋረጥ ጀርሙን ያላምደዋል፣ ትጨርሰው» አሉኝ። ነርስ ጎረቤታችን ደግሞ «ከተሻላት ይበቃታል፣ አሁን እንደ ድሮው አይደለም» አለችኝ። ሁለቱም የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ጨነቀኝ። ያዘዘላት ሐኪም እስከ ሰኞ አይገባም። እናቴ ከንፈሯ ደርቋል፣ እኔም ማየት አልቻልኩም።

9 ፍሬ ቀርቷል፤ ቀጣዩን የምትውጠው ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። ትቀጥል፣ ታቁም፣ ወይስ ሰኞን ሳልጠብቅ ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ልውሰዳት?