ውሃ ሱቄ እየገባ ነው! ክልል ልሂድ ወይስ ማዘጋጃ ቤት? (ጅማ)

የኮቺዋ ባለሱቅ
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዲቹ (የጎርፍ ማውረጃ ቦዩ) ሞልቶ ውሃው በደጃፍ እየገባ ነው። አሁን፣ ይህን ስጽፍ። ስኳሩን ባንኮኒ ላይ አውጥቻለሁ፤ ግማሽ ኩንታል ዱቄት ግን ረጥቧል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። "በጀት ከክልል ሲለቀቅ ይጠረጋል" ብለው መለሱኝ። ታዲያ ቀጥታ ክልል ሄጄ አቤት ልበል? ፊንፊኔ ላይ ይህን የሚይዘው የትኛው ቢሮ ነው? ስልኩ ያለው ይጻፍልኝ።

ቡና አፍላ
ክልል ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ነው እኮ እህቴ። እስክትመለሺ ሱቁ በአዌቱ ወርዶ ጊቤ ላይ ይጠብቅሻል።

አሻግሬ
በጽሑፍ አመልክቺ። በቃል የተነገረ ነገር በቃል ይቀራል። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ጻፊው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ለትርጉም እየተባለ አይጓተትም። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበልሻል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቺና ይዘሽ ውጪ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ መጀመሪያ አሠራሩ ይግባሽ። የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ኪስ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰለው ነው። እሱን ክልሉ በድጎማ ይሞላዋል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ኪስ ነው። የውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማውረጃ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ያንን ኪስ የሚሞላው ደግሞ ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ገንዘብ ነው፦ ሊዝ፣ የቤት ግብር፣ የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ። የኦሮሚያ ከተሞች አዋጅ ቁጥር 65/1995 ከወጣ ጀምሮ ከተሞቹ የራሳቸው ምክር ቤትና ከንቲባ አላቸው። ስለዚህ "ከክልል ሲለቀቅ" የሚለው መልስ ለዲች ጠረጋ ብዙም አይሠራም።

ክልሉ ምን ይሠራል ካልሽ፣ የከተማ ልማት ቢሮው አካፋ ይዞ አይመጣም። ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ዕቅድ ያያል፣ ይከታተላል። ለምሳሌ ዩአይአይዲፒ የሚባለውን የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውሰጂ። በ2010 በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 ከተሞች ተጀመረ። ከእሱ በፊት የነበረው 44 ከተሞችን ነበር የያዘው። ያ ገንዘብ ዝም ብሎ አይታደልም ነበር። ከተማው በየዓመቱ ይመዘን ነበር። የራሱን ገቢ አሳድጓል ወይ? ሒሳቡ ኦዲት ተደርጓል ወይ? የሠራውን የሚጠግንበት ዕቅድ አለው ወይ? ክልሉ ከተማውን ለዚህ ምዘና ያዘጋጅ፣ ባለሙያ ልኮ ያግዝ ነበር። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው የጥገናውን ጥያቄ ነው። ኮብልስቶን ሲመረቅ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ዲች ሲጠረግ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ቡና አፍላ
ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ጽፈው እስኪጨርሱ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል።

ቀያሹ
ቆይ ቆይ። እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ክልል ወይስ ማዘጋጃ እያላችሁ ትከራከራላችሁ። ዲች በበጀት እጥረት በአንድ ሳምንት አይሞላም፣ የሆነ ነገር ዘግቶት ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብባታል፣ ዝናብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አምና ክረምት ሱቅሽ ውሃ ገብቶ ያውቃል?

የኮቺዋ ባለሱቅ
ኧረ በጭራሽ። ስምንት ዓመት ስሠራ ገብቶ አያውቅም።

ቀያሹ
ታዲያ ዘንድሮ ምን ተቀየረ? ከአንቺ በታች ማን ምን ሠራ?

የኮቺዋ ባለሱቅ
ምንም። ማለቴ ከታች ያለው ጎረቤቴ መኪና ማስገቢያ ሠርቷል፣ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ዲቹ ላይ ኮንክሪት ሞላበት። ግን ውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ከሥር አስገብቷል፣ አይቻለሁ።

ቀያሹ
እና ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን? የቱቦው አፍ ስንት ይሆናል?

የኮቺዋ ባለሱቅ
አንድ ስንዝር ገደማ። ዲቹ ሦስት ስንዝር ያህላል።

አሻግሬ
በጽሑፍ አመልክቺ አልኩሽ። ገቢ ቁጥር።

ቀያሹ
በቃ፣ ተገኘ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ዲች ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቢገባ፣ ውሃው የሚያልፍበት ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አንድ የውሃ ፕላስቲክና ሁለት ፌስታል ከመጣ ደግሞ እሱም ይዘጋል። ከዚያ ውሃው ወደ ላይ፣ ወደ አንቺ ይመለሳል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ውሃው ወደ ሶኬት ከቀረበ ቆጣሪውን አጥፊ፣ እጅሽ ግን እርጥብ እንዳይሆን፣ ውሃ ውስጥም ቆመሽ አትንኪው። ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ወይም አፈር ግማሽ ድረስ ሙዪና ደጃፍሽ ላይ ደርድሪ፤ ጢም ብሎ የሞላ ማዳበሪያ ክፍተት ይተዋል፣ ግማሹ የሞላ ግን ይተኛል። ዝናቡ ጋብ ሲል የቱቦውን አፍ በተቆለመመ ፌሮ ጎትታችሁ አጽዱት። ዲቹ ውስጥ ግን ማንም እንዳይገባ። ክዳን ካነሳችሁም መልሳችሁ ክደኑት፣ ሕፃን ይገባበታል።

ነገ ደግሞ "በጀት" የሚል ቃል እንዳታነሺ። "የሕዝብ ዲች በግለሰብ ግንባታ ተዘግቷል" በይ። ያኔ ጉዳዩ የጠረጋ ወረፋ መጠበቁ ይቀርና የደንብ ማስከበር ይሆናል፣ መስኮቱም ሌላ ነው። ፎቶ አንሺ፣ ሜትር አስይዘሽ አንሺው።

የመርካቶ እናት
እኔ ግን ደንብ ማስከበር ይቅር እላለሁ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ቢያፈርስበት ከሰውዬው ጋር ሃያ ዓመት ቡና አትጠራሩም። ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። "ቱቦውን አውጣና በብረት ፍርግርግ ቀይረው፣ መኪናህም ይገባል ውሃውም ያልፋል" በይው። የኛ ሰፈር እንዲህ ነው ያለቀው።

የኮቺዋ ባለሱቅ
እማማ፣ ቡናው በግድግዳ ጉዳይ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

የመርካቶ እናት
አሃ። እንግዲያው ሦስት ሽማግሌ።

ጡረተኛው
የፍርግርጉ ሐሳብ ጥሩ ነው። ግን ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ አይሠራ፣ የሕዝብ ዲች ነውና። ደግሞ ለወደፊቱ ልንገርሽ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሰፈራችሁ ዲች እንዲሰፋ ከፈለጋችሁ ጥያቄው የሚነሳው ዕቅድ ሲወጣ፣ ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ቀበሌው ለስብሰባ ሲጠራ ሄዳችሁ ተናገሩ። ሰው "ለአበል ነው" እያለ ይቀራል፣ ከዚያ በክረምት ይጮኻል።

ቡና አፍላ
አበል አለ እንዴ? የትኛው ቀበሌ ነው?

አሻግሬ
በጽሑፍ አመልክታ ካልሰሟት እዚያው ቅሬታ ሰሚ አለ። ከዚያ በኋላ እንባ ጠባቂ። ክፍያ የለውም። ግን መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከትሽን ይጠይቅሻል። ገቢ ቁጥር ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቀያሹ
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ቱቦው ተከፈተ?

የመርካቶ እናት
ድምፅሽ ጠፋ እኮ። ዱቄቱን ቶሎ ካላሰጣሽው ይሸታል።

ቀያሹ
አሁንም እየዘነበ ነው፣ መብራትም ጠፍቶ ይሆናል።

የሰጦ ልጅ
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። የኛ መንገድ ላይ መብራቱ ከጠፋ ወር አልፎታል። ምሰሶው የማዘጋጃ፣ መስመሩ የመብራት ኃይል ነው ይላሉ። ክልል ልሂድ?

አሻግሬ
በጽሑፍ አመልክት።