ክርክር፦ ክላሲክ ፊልም በቲቪ ሲታይ ስንቴ ይቆረጥ?

ጥቁርና ነጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከአባቴ ጋር «ሃይ ኑን»ን በቲቪ ለማየት ተቀመጥን። የ1952 ፊልም ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ርዝመቱ 85 ደቂቃ ነው። ታሪኩም ከሞላ ጎደል የሚፈጀው ያንኑ ያህል ነው። በቀል የሚፈልገው ሰው በእኩለ ቀን ባቡር ይመጣል። የከተማዋ ሕግ አስከባሪ አብሮት የሚቆም ሰው ፍለጋ በር ያንኳኳል። ሰዓት ደግሞ እየደጋገመ ይታያል። የፊልሙ ጭንቀት ያለው እዚያ ሰዓት ውስጥ ነው።

እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ማስታወቂያ ገባ። ሳሙና፣ ስልክ፣ ባንክ፣ እንደገና ሳሙና። ለስድስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ስንመለስ ባቡሩ ሊደርስ ነው፣ እኛ ግን በርደናል። አባቴ ተነስቶ ተኛ። ይህን ፊልም በልጅነቱ አይቶት ነበር፤ ለእኔ ሊያሳየኝ ነበር የፈለገው።

እኔ ክላሲክ ፊልም መሃል ማስታወቂያ ጨርሶ መግባት የለበትም እላለሁ። እናንተስ?

ከስርጭት ክፍል፦
እህቴ፣ ያናድዳል፤ እውነትሽን ነው። እኔ ግን የፕሮግራም ሰዓት የምደለድል ሰው ነኝ፣ የኛንም ወገን ስሚ። ፊልም በነጻ አይመጣም። የማሳየት መብቱ ለተወሰነ ጊዜ ይገዛል፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይም በውል ይቆጠራል። የድሮ ፊልም ተመልካች ደግሞ ከኳስ ተመልካች ያንሳል። ተመልካች ሲያንስ የአንድ ማስታወቂያ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ወጪውን ለመሸፈን ብዙ ማስታወቂያ ይገባል። ጨርሶ አይግባ ከተባለ ብዙ ጣቢያ ፊልሙን ትቶ የቀጥታ ወሬ ያስገባል።

ማታ ማታ፦
በዚህ እስማማለሁ። ለፊልም የምከፍለው ገንዘብ ኖሮኝ አያውቅም። ያየኋቸው የድሮ ፊልሞች በሙሉ በነጻ ቻናል፣ ከነማስታወቂያቸው ነው። ያ ባይኖር አንዱንም አላውቅም ነበር። ደግሞስ ሲኒማ ቤትም እረፍት ነበረ እኮ! የ1962ቱ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ መሃሉ ላይም እረፍት አለው።

መቀስ፦
እኔ ኤዲተር ነኝ። ስለ እረፍቱ ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ ግን ለኔ ነጥብ ነው የሚያግዘው። ያንን እረፍት ያስገባው ፊልሙን የሠራው ሰው ነው። የት እንደሚቆም አውቆ፣ ታሪኩን እዚያ አሳርፎ ነው ያቆመው። ለቲቪ የሚጻፍ ድራማም እንደዚያው ነው። ጸሐፊው ማስታወቂያ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ከመቆረጡ በፊት ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ያስቀምጣል። ሲመለስም ቀስ አድርጎ ያስገባሃል።

የድሮው ፊልም ይህ የለውም። ባንድ ትንፋሽ እንዲታይ ነው የተሠራው። በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፣ እኛ ደግሞ በሁለትና በሦስት ምስል እንጨቃጨቃለን። አንድ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም የሚልባት አራት ሰከንድ አለች። ያቺ ዝምታ የምትከብደው ከፊቷ 40 ደቂቃ ስለተጠራቀመ ነው። መሃል ላይ አራት ደቂቃ ሳሙና ካስገባህባት ባዶ ዝምታ ሆና ትቀራለች። ምስሉ አልተነካም፣ ድምፁ አልተነካም፣ ፊልሙ ግን ሌላ ሆኗል። ሰው ይህን አይቶ «የድሮ ፊልም ይጎትታል» ሲል ያመኛል። የጎተተው ፊልሙ አይደለም።

የሕግ ተማሪ፦
ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሜሪካ ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንጀር «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» የተባለው የ1959 ፊልሙ በቲቪ እንዳይቆራረጥ ከሶ ነበር። በ1966 ተረታ። ውሉን ሲፈርም ቲቪ ፊልም እንደሚያቋርጥ የታወቀ ልማድ ነበር ተባለ።

በስዊድን ግን በተቃራኒው ሆነ። ቪልጎት ሾማን እና ክላስ ኤሪክሶን የተባሉ ዳይሬክተሮች ፊልሞቻቸውን በማስታወቂያ ያቋረጠውን ቲቪ ፎር የተባለ ጣቢያ ከሰሱ። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእነሱ ፈረደ። ያለ ፈቃዳቸው ማቋረጡ የፈጣሪነት መብታቸውን ይነካል አለ። ሾማን ፍርዱን ሳይሰማ፣ ከፍርዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ አርፏል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ1989 ፊልም በየ45 ደቂቃው ከአንድ ጊዜ በላይ አይቋረጥ ብሎ ነበር። በ2007 ወደ 30 ደቂቃ አወረደው። እሱም ቢሆን ስድስት ጊዜ አያስቆርጥም ነበር።

ጆሮ፦
ድምፁንም አትርሱ! ሹክሹክታውን ለመስማት ድምፅ ትጨምራለህ፣ ማስታወቂያው ሲገባ ቤቱ ይናወጣል፣ የተኛ ልጅ ይነሳል። አሜሪካ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ በ2010 ሕግ አውጥታለች፣ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮም በሥራ ላይ ነው። የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው።

ከስርጭት ክፍል፦
የድምፁን እቀበላለሁ፣ እሱ ገንዘብም አያሳጣንም። የቁጥሩ ግን ከባድ ነው። በሰዓት 12 ደቂቃ ማስታወቂያ ብትይዙ የሁለት ሰዓት ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ማቋረጫውን ብትቀንሱት ደቂቃው አይቀንስም፣ አንዱ እረፍት ይረዝማል እንጂ። ሲረዝም ደግሞ ሰው ቻናል ይቀይራል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰዓት ሲያጥር ከፊልሙ ራሱ ትዕይንት ይወጣል፣ ወይም ሰው እንዳያስተውለው ጥቂት ይፋጠናል። እኔም አድርጌዋለሁ። ደስ ብሎኝ አልነበረም።

መቀስ፦
እንዲህ በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ትዕይንት ከማውጣት ግን ማስታወቂያው ይሻላል። የወጣውን ትዕይንት ተመልካቹ መኖሩንም አያውቅም።

ማታ ማታ፦
ያለ ማስታወቂያ የሚያሳዩ አሉ አይደል?

የሕግ ተማሪ፦
አሉ። ቲሲኤም የተባለው የድሮ ፊልም ቻናል ከ1994 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፊልም መሃል ማስታወቂያ አያስገባም። ግን ገቢው ከኬብል ክፍያ ነው። ኤኤምሲ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ቻናልም ለዓመታት ክላሲክ ፊልም ሳያቋርጥ ያሳይ ነበር፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ማቋረጥ ጀመረ። ስለዚህ የአንተ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ክፍያ ለማይችል ሰው ምን ይደረግ?

ጥቁርና ነጭ፦
ማታ ማታ፣ ያንተ ነገር ከንክኖኛል። «ጨርሶ አይግባ» ያልኩትን አነሳለሁ። አንተ ሳታይ ቀርተህ እኔ ሳይቋረጥ ባየው ፍትሕ አይደለም። ግን ስድስት ጊዜ ለምን? ሰዓት ለሚደለድለው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ትናንት የተቆረጠበትን ቦታ የመረጠው ማን ነው? ፊልሙን አይቶታል?

ከስርጭት ክፍል፦
እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሰዓት ነው። በየ12 ወይም በየ14 ደቂቃው ይባላል፣ ቅርብ ያለው የትዕይንት ለውጥ ላይ ይቆረጣል። ሰው ፊልሙን ሙሉውን አይቶ ይምረጥ ቢባል ግማሽ ቀን ይወስዳል። የማይቻል ግን አይደለም። አንቺ ብትሆኚ ያንን ፊልም የት ትቆርጪው ነበር?

ጥቁርና ነጭ፦
ከሥራ ስመለስ እንደገና አየሁት፣ ለዚሁ ብዬ። ቦታ አላገኘሁለትም። ሰዓቱ አንዴ መቁጠር ከጀመረ የሚያቆም የለም። ስለዚህ ማስታወቂያውን 15 ደቂቃም ቢሆን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አድርጉት፣ የቀረውን ሲያልቅ። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ንገሩን እንጂ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አባቴንም ጠይቄዋለሁ፣ እሱም ይጠብቃል።